ዳኛው ሳይሰየም የተሰጠ ፍርድ

በአባቶቻችን ዘመን ሁለት ሰዎች በተጣሉ ጊዜ የነጠላቸውን ጫፍ ከጫፍ ቋጥረው መንገድ ላይ ይቆሙና የሚያልፈውን ሰው ዳኘን ይሉት ነበር። ያ መንገደኛ ገበሬም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን ጉዞውን ገትቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና የሁለቱን ቃል ይሰማ ነበር። ስለ ምን አመኑት ቢሉ፥ ሕግ አዋቂነቱን መርምረው አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ አስቀድሞ መርጦ ስላላመጣው ነው እንጂ። ከተሟጋቾቹ አንዱ የራሱን ሰው ከሩቅ አገር አስመጥቶ፥ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ እንዲያልፍ አድርጎት ቢሆን ኖሮ፥ ሰውየው የተናገረው እውነት እንኳ ቢሆን የተረታው ወገን ይህ ፍርድ ነው ብሎ አይቀበለውም ነበር።

ይህን የድሮ ልማድ ያነሣሁት ለወግ አይደለም። በባሕር ማዶ፥ በሕገ መንግሥቱ ጥንካሬና በዳኞቹ ክብር ብዙ ዘመን በተመሰገነው በአሜሪካ አገር፥ የሚደረገው ነገር መንገደኛው አስቀድሞ እንደ ተላከበት ሙግት ሆኖ ስለ ታየኝ ነው። ጉዳዩም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ሴት በማኅፀንዋ ስላለው ፅንስ የመወሰን መብት አላት ወይስ የላትም፥ መንግሥትስ በዚህ ነገር እስከ ምን ድረስ ሊገባ ይችላል የሚለው ጥያቄ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ስለ ፅንስ ማስወረድ ያለህን አሳብ እንድትለውጥ አልጠይቅህም። ያ ክርክር የራሱ ቦታና የራሱ ጊዜ አለው። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍርዱን ከመውደድህና ከመጥላትህ በፊት ፍርዱ የመጣበትን መንገድ እንድትመለከት ነው። የእኔ ክርክር ይህ ነውና፤ ዳኛው ከመሾሙ በፊት ውጤቱ ቃል የተገባበት ፍርድ፥ ውጤቱን ብንወደውም ብንጠላውም፥ የፍርድን ስም ይዞ የፍርድን ሥራ የማይሠራ ነገር ነው።

ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በጃንዋሪ 22 ቀን 1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሮ እና ዌድ በሚባለው ሙግት፥ ፅንስን የማስወረድ መብት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው ብሎ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሃሪ ብላክመን በሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት በኒክሰን የተሾሙ ነበሩ። ከሰባቱ ፈራጆች አምስቱ በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ናቸው። ከተቃወሙት ከሁለቱ አንዱ፥ ባይረን ዋይት፥ የዴሞክራቱ የኬኔዲ ተሿሚ ነበሩ። እንግዲህ ልብ በል፤ በዚያን ቀን ማን ማንን እንደ ሾመ ብቻ አውቆ ፍርዱን አስቀድሞ ሊናገር የሚችል ሰው አልነበረም። ዳኞቹ ተሳስተው ይሆናል፤ ነገር ግን ስሕተታቸው የራሳቸው ነበረ እንጂ ከሌላ ሰው በአደራ የተቀበሉት አልነበረም።

በ1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ ጆን ፖል ስቲቨንስን ለዚያው ወንበር ባጩ ጊዜ፥ ያ ታላቅ ፍርድ ከተሰጠ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሆኖም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ስለ ፅንስ ነገር አንድ ጥያቄ ሳይጠይቃቸው 98 ለ0 በሆነ ድምፅ አጸደቃቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1980 የሪፐብሊካን ፓርቲ በምርጫ መግለጫው ላይ፥ የንጹሕ ሰው ሕይወት ቅዱስ መሆኑን የሚያከብሩ ዳኞች በየፍርድ ቤቱ እንዲሾሙ እንደሚሠራ ለሕዝብ አስታወቀ። ዴሞክራቶቹም በበኩላቸው ያንን ፍርድ የሚያሰጋ ዳኛ እንዳይገባ በሩን መጠበቅ ጀመሩ፤ በ1987 ሮበርት ቦርክ 58 ለ42 በሆነ ድምፅ ተመለሱ። ከዚህ ጀምሮ የዳኛው ወንበር የምርጫ ሽልማት ሆነ።

ዳኞቹ ግን ወዲያው አልተማረኩም። በ1992 ኬሲ በሚባለው ሙግት የ1973ቱ ፍርድ እንዲሻር ተጠየቀ። በዚያ ጊዜ ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ በሪፐብሊካን ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ስለ ነበሩ ሰው ሁሉ መሻሩን ይጠብቅ ነበር። ይሁን እንጂ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ የፍርዱ ዋና ቃል ጸና፤ ያጸኑትም አምስቱ ሁሉም የሪፐብሊካን ተሿሚዎች ነበሩ። ኦኮነር፥ ኬኔዲና ሱተር በአንድነት በጻፉት ቃል፥ ፍርድ ቤት በፖለቲካ እሳት ውስጥ ሆኖ ያለ ጽኑ ምክንያት የቀድሞውን ፍርድ ቢገለብጥ ክብሩን ያጣል ብለው አስጠነቀቁ። የሾሟቸው ሰዎች ከዚህ የተማሩት ትምህርት ግን የዳኛን ነጻነት ማክበር አልሆነም፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዳኛ እንዳያመልጠን አስቀድመን ጠንቅቀን እንመርምር የሚል ሆነ እንጂ።

የምርመራውም ፍሬ በ2016 ታየ። በፌብሩዋሪ 13 ቀን ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በማርች ወር ሜሪክ ጋርላንድን አጩ። የምክር ቤቱ ብዙኃን መሪ ሚች ማክኮኔል ግን የምርጫ ዓመት ስለ ሆነ ሕዝቡ ይምረጥ ብለው፥ ምርጫው ዘጠኝ ወር ያህል ሲቀረው፥ ታጩውን ለጥያቄ እንኳ ሳያቀርቡ ቀሩ። ወንበሩ ከአንድ ዓመት በላይ ባዶውን ሰነበተ። በዚያው ዓመት በምርጫ ክርክር መድረክ ላይ ዶናልድ ትራምፕ፥ ሁለት ወይም ሦስት ዳኞች ለመሾም ከበቁ የ1973ቱ ፍርድ መሻሩ በራሱ የሚመጣ ነገር እንደ ሆነ ለሕዝብ ተናገሩ። ተወዳዳሪያቸው ሂላሪ ክሊንተንም ፍርዱ እንዳይሻር የሚሹ መሆናቸውን በዚያው መድረክ አስታወቁ። እነሆ፥ ተሟጋቾቹ መንገደኛውን እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው ሊልኩ በአደባባይ ተፎካከሩ።

ከዚያ በኋላ ኒል ጎርሰች በ2017፥ ብሬት ካቫናው በ2018 ተሾሙ። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2020 ዳኛዋ ሩት ባደር ጊንስበርግ ባረፉ ጊዜ ምርጫው 46 ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። በ2016 ዘጠኝ ወር አጥሮ የታየው ምክር ቤት አሁን 46 ቀን በቃው፤ ኤሚ ኮኒ ባሬት ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው 52 ለ48 በሆነ ድምፅ ጸደቁ። ሕዝቡ ይምረጥ የተባለው ቃል ከአራት ዓመት በላይ ዕድሜ አላገኘም።

በጁን 24 ቀን 2022፥ ከሚሲሲፒ ግዛት በመጣው ዶብስ በሚባለው ሙግት፥ ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ በጻፉት ቃል የ1973ቱም የ1992ቱም ፍርድ ተሻረ። ከሻሩት ከአምስቱ ሦስቱ እነዚያው ከ2017 እስከ 2020 የተሾሙት ናቸው። የፍርድ ቤቱ ሊቀ መንበር ጆን ሮበርትስ የሚሲሲፒን ሕግ ቢያጸኑም የቀድሞውን ፍርድ ጨርሶ መሻሩን አልደገፉም። በአርባ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሕገ መንግሥቱ በዚህ ነገር አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጡት በወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው።

አሁን አንድ አስተዋይ ተከራካሪ ተነሥቶ እንዲህ ሊለኝ ይችላል። «የ1973ቱ ፍርድ ራሱ ፖለቲካ አልነበረምን? ሕገ መንግሥቱ ስለ ፅንስ በግልጽ ያልተናገረውን ሰባት ሰዎች ከሕዝብ እጅ ወስደው ወሰኑ። የ2022ቱ ፍርድ የሕዝቡን ነገር ለሕዝቡ መለሰ እንጂ ምን በደለ?» ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ፍርዱን በውጤቱ የወደዱ ሰዎች እንኳ ምክንያቱን ነቅፈዋል፤ ራሳቸው ጊንስበርግ ገና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይገቡ ፍርዱ በአንድ ጊዜ እጅግ ርቆ ሄደ ብለው ተችተውታል። ነገር ግን የተሳሳተ ፍርድና የታዘዘ ፍርድ አንድ አይደሉም። የተሳሳተውን በማስረጃና በክርክር ማቅናት ይቻላል፤ ዳኛው የሚሰማ ጆሮ አለውና። ውጤቱ በምርጫ መድረክ ላይ አስቀድሞ በተነገረበት ችሎት ፊት ግን ጠበቃው የሚከራከረው ለማን ነው?

ሌላውም እንዲህ ይላል። «ዳኞቹ በገንዘብ አልተገዙም፤ ያመኑበትን ፈረዱ።» እኔም ይህን አልክድም። ስለ ማናቸውም ዳኛ ኅሊና ለመመስከር አልደፍርም፤ በቅን ልብ ሕጉን እንደዚያ አንብበው ይሆናል። ነውሩ ያለው በተመራጩ ሳይሆን በመራጩ ላይ ነው። ከብዙ ቅን ሰዎች መካከል አሳቡ የእኔን ሙግት የሚያሸንፍልኝን ብቻ ለቅሜ በወንበር ላይ ባስቀምጥ፥ አንድ ብር ሳላወጣ ፍርዱን ገዝቼዋለሁ። መንገደኛው እውነተኛ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በመንገዱ ላይ ያቆመው ግን ተሟጋቹ ነው።

ይህ በሽታ በዋናው ፍርድ ቤት ብቻ አልቀረም፤ ወደ ግዛቶቹ ወርዷል። የአይዋ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ፅንስን የማስወረድ ነጻነት በግዛቱ ሕገ መንግሥት የተመሠረተ ጽኑ መብት ነው ብሎ ፈረደ፤ ከሰባቱ ዳኞች አራቱ ከተለወጡ በኋላ በ2022 ያው ፍርድ ቤት የራሱን ቃል ሻረ። በሳውዝ ካሮላይና በጃንዋሪ 2023 ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ፅንስ ማስወረድን የሚከለክለው ሕግ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረሰ። ዋናውን ቃል የጻፉት በችሎቱ የነበሩት ብቸኛዋ ሴት ዳኛ በዕድሜ ምክንያት ሲሰናበቱ ምክር ቤቱ በቦታቸው ወንድ ዳኛ መረጠ፤ በኦገስትም ጥቂት የተሻሻለው ሕግ አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ ጸና። በዚያ ጊዜ በአምስቱ ወንበሮች ላይ አንዲትም ሴት አልነበረችም።

ይህን የሰማ የሌላው ወገን ሰው «እነርሱ እንዲህ ናቸው» ብሎ ቢመጻደቅ፥ ወደ ዊስኮንሲን ይመልከት። በኤፕሪል 2023 ለዚያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዳኛ ምርጫ በተደረገ ጊዜ፥ ዋናው መወዳደሪያ የ1849ኙ ፅንስ የማስወረድ ክልከላ ነበር። ያሸነፉት ዕጩ ስለዚህ መብት ያላቸውን አቋም ለመራጩ በግልጽ እየተናገሩ ተወዳደሩ፤ ለውድድሩም የፈሰሰው ገንዘብ እስከዚያ ቀን በአሜሪካ በተደረገ በማናቸውም የዳኛ ምርጫ ታይቶ አይታወቅም ነበር። በጁላይ 2025 ያው ፍርድ ቤት የድሮውን ክልከላ አራት ለሦስት በሆነ ድምፅ አፈረሰው። በ2022 ያለቀሱት በ2025 ደስ አላቸው፤ በ2022 የጨፈሩት በ2025 አዘኑ። ስለ መንገዱ ግን ሁለቱም አልጠየቁም። በ2021ም አንዳንድ የዴሞክራት ሕግ አውጪዎች የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ወንበር ከዘጠኝ ወደ አሥራ ሦስት የሚያሳድግ ረቂቅ አቅርበው እንደ ነበር አንርሳ። ሌባው ሲሰርቀኝ ይጮኻል እንጂ ሲሰርቅልኝ ዝም ይበል የሚል ሰው ስለ ሌብነት አልተከራከረም።

ይህ የአሜሪካ ብቻ በሽታ ይመስልሃልን? ወደ ፖላንድ እንሂድ። በ2015 ሥልጣን ሊለቅ የደረሰው ምክር ቤት ለሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አምስት ዳኞች መረጠ፤ ከነዚህም ሁለቱ ወንበሩ ገና ባዶ ሳይሆን የተመረጡ ነበሩ። አዲሱ የመንግሥት ወገን ደግሞ በአንድ ስሕተት ፋንታ ሌላ የባሰ ስሕተት ሠራ፤ በሚገባ የተመረጡት ሦስቱ እንኳ ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ ቀርተው የራሱ ሰዎች በቦታቸው ተቀመጡ። በ2016 ፅንስ ማስወረድን ፈጽሞ ለመከልከል የቀረበው ረቂቅ ጥቁር የለበሱ ሴቶች አደባባዩን በሞሉት ጊዜ በምክር ቤቱ ወደቀ። በኦክቶበር 22 ቀን 2020 ግን በ119 የምክር ቤት አባሎች ጥያቄ ያ ፍርድ ቤት፥ ፅንሱ በከባድ ሕመም ሲያዝ ማስወረድን የሚፈቅደውን አንቀጽ ሻረ። የምክር ቤቱ አባሎች በራሳቸው ስም እጃቸውን አውጥተው ለመወሰን የፈሩትን ነገር በዳኛ እጅ አስፈጸሙት። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 2023፥ ከዚያ ፍርድ የተነሣ ስለ ተጎዳች አንዲት ሴት ሲፈርድ፥ ችሎቱ እንደ ሕግ ያልተሰየሙ ዳኞች የተቀመጡበት ስለ ነበር በሕይወትዋ ውስጥ የገባው በሕግ አይደለም አለ። እንግዲህ የዳኛው አሰያየም የወረቀት ነገር አይደለም፤ እስከ ሴቲቱ መኝታ ድረስ የሚደርስ ነገር ነው።

«ሕዝብ ገዢ በሆነበት አገር ዳኛውም የሕዝብን ፈቃድ ቢከተል ምን ክፋት አለው?» የሚሉም አሉ። የሕዝብን ፈቃድ ለማወቅ የሚሻ ሕዝቡን ይጠይቅ። በኦገስት 2022 የካንሳስ ሕዝብ ተጠየቀ፤ መብቱን ከሕገ መንግሥቱ ለማውጣት የቀረበውን አሳብ ከመቶው 59 በሚሆን ድምፅ አልቀበልም አለ። በኖቬምበር 2024 የሳውዝ ዳኮታ ሕዝብ ተጠየቀ፤ መብቱን በሕገ መንግሥቱ ለመጻፍ የቀረበውን አሳብ እርሱም አልቀበልም አለ። ሁለቱ ግዛቶች ተለያይተው ወሰኑ፤ ተሸናፊው ግን በሁለቱም ቦታ በቍጥር መሸነፉን ያውቃል፤ ነገ ሕዝቡን አስረድቶ ሊመልሰው ይችላል። በዳኛ ስም በተሸፈነ የወገን ድምፅ የተሸነፈ ሰው ግን ማንን ያስረዳል? የሚጠብቀው የዳኛን ሞት ብቻ ነው። የአንድ ታላቅ ሕዝብ ሕግ በሸመገሉ ሰዎች የጤና ወሬ ላይ ሲንጠለጠል ከማየት የበለጠ ምን ውርደት አለ?

በዚህ መካከል የሚጎዳው ማን ነው? ከአገራችን ወጥተው በዚያ ምድር የሚኖሩ ብዙ ወገኖች አሉን። በዳላስ የምትኖረው እኅታችንና በሜሪላንድ የምትኖረው እኅታችን አንድ ባንዲራ፥ አንድ ሕገ መንግሥት አላቸው። ሆኖም በዳላስ ያለችው እርግዝናዋ ቢታወክባት ሐኪሟ ከመድኃኒቱ በፊት የቴክሳስን ብርቱ ክልከላ ማሰብ ይገባዋል፤ በሜሪላንድ ያለችው ግን በ2024 ሕዝቡ በሕገ መንግሥቱ ባጻፈው መብት ትኖራለች። ስለ ፅንሱ ሕይወት የሚከራከረውም ሰው ቢሆን አልተጠቀመም፤ ድሉ የሰውን ልብ በማሳመን ያልተገኘ ስለ ሆነ፥ ወንበሩ በተለወጠ ቀን ይለወጣል። በጎ ነገርን በሰው ልብ ሳይተክል በወንበር ብቻ የተከለ፥ ሥር የሌለው ዛፍ ተከለ።

መድኃኒት የለውም አይባልም። በጀርመን አገር የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ዳኞች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመረጣሉ፤ ዘመናቸውም 12 ዓመት ብቻ ነው፥ ሁለተኛ አይመረጡም። አንዱ ወገን ብቻውን ሊመርጥ ስለማይችል ሁለቱም ወገን ሊታገሠው የሚችለውን ሰው መፈለግ ግድ ይሆናል። ያ ፍርድ ቤት በ1975ና በ1993 በዚሁ ብርቱ ጉዳይ ፈረደ፤ በ1993 የተሰጠውም ፍርድ ማስወረድን በመርሕ ሕገ ወጥ አድርጎ፥ ምክር ሰምታ በወሰነች ሴት ላይ ግን ቅጣት እንዳይኖር መንገድ ከፈተ። ሁሉን ደስ አላሰኘም፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ጸንቶ ኖረ። እዚያም ቢሆን ፈተናው አልቀረም፤ በ2025 ለዳኝነት የታጩ አንዲት የሕግ መምህርት ስለ ፅንስ በጻፉት አሳብ ምክንያት ክርክር ተነሥቶባቸው ከዕጩነት ወጡ። ስለዚህ ደንብ ብቻውን አያድንም፤ ደንቡን የሚጠብቅ ልብ ያስፈልጋል።

አሜሪካኖችም የዳኛውን ዘመን በዓመት ይወስኑት፤ ለሹመቱም ከአንድ ወገን ድምፅ የሚበልጥ ድምፅ ይጠይቁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በምርጫ መድረክ ላይ የፍርድን ውጤት ለሕዝብ ቃል መግባት፥ ለዳኛ መማለጃ ከመስጠት ጋር እኩል ነውር ሆኖ ይቈጠር። ይህን ነውር የሚያደርገው ሕግ ብቻ አይደለም፤ የእኔ ወገን ሲያደርገው የማላጨበጭብ እኔ ነኝ፥ የአንተ ወገን ሲያደርገው የማታጨበጭብ አንተ ነህ።

በአገራችን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ባለ ጊዜ የተቈጣው እጁን ይሰበስብ፥ የሚሮጠውም ይቆም ነበር። ያ ቃል ኃይል የነበረው ሕጉ የማንም ወገን ስላልነበረ ነው። በእኔ ሕግ አምላክ፥ በአንተ ሕግ አምላክ የሚባልበት ዘመን ከመጣ ግን የሚቆም ሰው አይገኝም። ዛሬ ወገኔ አሸነፈ ብለህ ደስ ያለህ ሆይ፥ ነገ አንተ ራስህ ያንን ቃል ጮኸህ የምትጠራበት ቀን ይመጣልና፥ በዚያን ቀን ሰምቶ የሚቆምልህ እንዲኖር ዛሬ የዳኛውን ወንበር ከእጅህ አርቀው።